ማዮሊካ፦ በወደብ ስም የሚጠራ ሸክላ

በሎስ አንጀለስ ከኦሊምፒክ ቡለቫርድ በስተደቡብ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በከተማዋ ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል። በሱቆቹ መደርደሪያ ላይ ከበርበሬው፣ ከሽሮውና ከዕጣኑ ጋር ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ይሸጣል፤ ጥቁር የሸክላ ጀበናና ነጭ ሲኒ። ጀበናው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሲዳስሱት ሻከር ይላል። ሲኒው ግን ያብረቀርቃል፤ አፉ ላይ ወርቃማ ቀለበት ዞሮበታል፣ ሆዱ ላይ አበባ ተስሎበታል። ሁለቱም ከአፈርና ከእሳት የተገኙ ናቸው። ታዲያ አንዱ እንዲህ ሲያንጸባርቅ ሌላው ለምን አፈሩን መስሎ ቀረ? የሁለቱስ መንገድ የት ተለያየ?

ከዚያው ጎዳና በእግር ወደ ሰሜን ጥቂት ቢዘልቁ ዊልሸር ቡለቫርድ ላይ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በስተምዕራብ ራቅ ብሎ ደግሞ ብሬንትውድ ኮረብታ ላይ የጌቲ ሙዚየም አለ። መልሱ በእነዚህ ሁለት ሙዚየሞች ተበታትኖ ተቀምጧል። እኔ ጫፉን የያዝኩት በጌቲ፣ ከአንድ ሳህን መግለጫ ላይ ባነበብኩት ቃል ነው፤ ማዮሊካ።

ጌቲ የጣሊያን ጌጠኛ ሸክላዎችን ሰብስቦ ይዟል። ከመካከላቸው አንዱ ፍራንቼስኮ ዛንቶ አቬሊ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1534 ኡርቢኖ ከተማ ውስጥ የሣለው ሳህን ነው። በጥንታዊው የግሪክ ተረት የትሮይ ሰዎች ሄለንን ጠልፈው ሲወስዷት ያሳያል። ሰማያዊው፣ ቢጫውና አረንጓዴው ቀለም ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም አልደበዘዘም። ዘይት ቅብ ሥዕል ይጠቁራል፣ ጨርቅ በብል ይበላል፤ ይህ ሳህን ግን ከእቶን በወጣበት ቀን የነበረውን ቀለም እንደያዘ ነው። ምክንያቱም ቀለሙ የተቀባው ከላዩ ሳይሆን በመስታወት ውስጥ ስለሆነ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራ ሸክላ አንድ ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲተኮስ ይጠነክራል እንጂ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ ውሃ ያዣል። አሸዋና የእርሳስ ኦክሳይድ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ ቢቀባና ዳግም ቢተኮስ ግን ዱቄቱ ቀልጦ ሸክላውን በስስ መስታወት ይሸፍነዋል። ባለሙያዎች ግሌዝ የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን የእርሳስ መስታወት ብርሃን ስለሚያሳልፍ የሥሩ ቡናማ አፈር ወለል ብሎ ይታያል። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። የቆርቆሮው ቅንጣት በመስታወቱ ውስጥ ሳይሟሟ ይቀርና ብርሃኑን ይበትነዋል። ያኔ ልባሱ እንደ ወተት ይነጣል፤ አፈሩም ይሰወራል። ሠዓሊው በዚህ ነጭ መደብ ላይ ገና ሳይተኮስ ይሥላል። ደረቁ ዱቄት የብሩሹን ውሃ ወዲያው ስለሚመጠው አንዴ የተሰመረ መስመር አይፋቅም፣ አይታረምም። ዛንቶ የሠራዊቱን ጭፍራና የሄለንን ፊት የሣለው እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ነበር።

ማዮሊካ ማለት እንግዲህ በቆርቆሮ ነጭ ልባስ የተለበሰና በቀለም ያጌጠ ሸክላ ነው። ቃሉ ግን ስለ ቆርቆሮም ሆነ ስለ ቀለም የሚለው ነገር የለም፤ የደሴት ስም ነው። ዛሬ ማዮርካ የምንላትን፣ በስፔን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያለችውን ደሴት የጥንት ጣሊያኖች ማዮሊካ ይሏት ነበር። ዳንቴም በ«ሲኦል» መጽሐፉ 28ኛ ክፍል የሚጠራት በዚሁ ስም ነው።

አንድ የጣሊያን ሳህን በስፔን ደሴት መጠራቱ ግራ ያጋባል። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ደሴቲቱ በዚህ ሸክላ ሥራ የታወቀች አለመሆኗ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቫሌንሲያ ተነሥተው ወደ ጣሊያን የሚቀዝፉ መርከቦች በማዮርካ ወደብ ያርፉ ነበር። ጣሊያናዊው ገዢ ዕቃው ከዚያ ሲራገፍ እንጂ ሲሠራ አላየም፤ ስለዚህ በመጣበት ወደብ ጠራው። ስሙ በመጀመሪያ የሚያገለግለው ከስፔን ለሚመጣው ወርቅ ለሚመስል ሸክላ ብቻ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች ራሳቸው የሚሠሩትን ነጭ ልባስ ያለውን ሸክላ ሁሉ ይጠሩበት ጀመር።

የዕቃው እውነተኛ ሠሪዎች ቫሌንሲያ አጠገብ በምትገኘው ማኒሴስ የሚኖሩ ሙስሊም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ከሥራቸው አንዱ፣ መካከሉ ላይ የኢየሱስ ስም ምሕጻረ ቃል የተጻፈበት ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን፣ እዚያው ጌቲ ይገኛል። ለክርስቲያን ገበታ የተሠራ፣ በሙስሊም ጥበብ ያጌጠ ዕቃ ነው፤ ወርቅ የሌለበት የወርቅ መልክ አለው። የቫሌንሲያ ሰዎች ግን በውላቸው ላይ ይህን ዕቃ «የማኒሴስ ሥራ» አላሉትም፤ «የማላጋ ሥራ» ይሉት ነበር። ማላጋ በደቡብ ስፔን የምትገኝ ወደብ ናት። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1350 አካባቢ በዚያ ሲያልፍ፣ ወርቃማ ውብ ሸክላ እንደሚሠራባትና ወደ ሩቅ አገር እንደሚላክ መዝግቧል። ጥበቡ ከማላጋ ወደ ማኒሴስ የሄደው በባለሙያዎቹ እጅ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ማዮሊካ የሚለው ቃል ራሱ ከደሴቲቱ ሳይሆን ከማላጋ ስም የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ግምት የሚያደርሰን ወደብ ላይ ነው።

ማላጋም ብትሆን መነሻ አይደለችም። ወደ ኋላ ሲኬድ ጥበቡ በግብፅ ፉስጣጥ፣ ከዚያም በፊት በደቡብ ኢራቅ ባስራ ይገኛል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ ፌርፋክስ ሰፈር የሚመለሰው። የዊልሸሩ ሙዚየም የእስልምናውን ዓለም ጥበብ በብዛት ከያዙ የአሜሪካ ሙዚየሞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሂራማኔክን ስብስብ፣ ጎዳናው ትንሿ ኢትዮጵያ በተባለበት በ2002 ደግሞ መዲና የተሰኘውን ስብስብ በስጦታ አግኝቷል። በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባሲዶች ዘመን፣ ኢራቅ ውስጥ የተሠሩ ሸክላዎች አሉ።

የዚያ ዘመን የባስራ ሳህን በመጠኑ ትንሽ ነው። ከንፈሩ ወደ ውጭ መለስ ይላል። ነጩ መደብ ላይ በሰማያዊ ኮባልት አንድ አበባ ወይም አንድ መስመር የአረብኛ ጽሕፈት ይሠፍራል፤ የሰማያዊው ጠርዝ ወደ ነጩ ሰርጎ ፈሰስ ብሏል። ከሩቅ ያየ ሰው ፖርሴሊን ነው ይላል። ጠርዙ በተሸረፈበት በኩል ግን ልባሱ ሥር ቢጫማ አፈር ብቅ ይላል። ያ ስብራት ምስጢሩን ያወጣል፤ ሳህኑ ሌላ ዕቃ ለመምሰል የተሠራ ነው።

ሊመስል የፈለገው ፖርሴሊን የተባለውን የቻይና ነጭ ሳህን ነበር። ቻይናዎች ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ነበራቸው፤ እስከ 1,300 ዲግሪ ገደማ የሚግል እቶንም ሠርተዋል። ሸክላቸው እስከ ውስጡ ነጭ ነው፤ ሲመቱት እንደ ደወል ያቃጭላል። የባስራ ሰዎች አፈሩም እቶኑም አልነበራቸውም። ያላቸው ቢጫ የወንዝ ጭቃ፣ ቆርቆሮና ብርቱ ፍላጎት ነበር። ነጭ አፈር ባይገኝ ጭቃውን ነጭ አለበሱት። ከዚያም ከአስተማሪዎቻቸው አልፈው ሄዱ፤ በተተኮሰው ነጭ ላይ የብርና የመዳብ ውሕድ ቀብተው፣ እቶኑን በጭስ አፍነው ለሦስተኛ ጊዜ ተኮሱት። ጭሱ ከማዕድኑ ኦክስጅኑን ሲወስድበት በመስታወቱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የብርና የመዳብ ሽፋን ይቀራል፤ ሲጸዳም እንደ ወርቅ ያበራል። ማላጋና ማኒሴስ የወረሱት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1557 አካባቢ የሸክላ ጥበብን መጽሐፍ የጻፈው ጣሊያናዊው ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ ከመቶ ዕቃ ስድስቱ በደህና ቢወጡ ነው ያለው ስለዚሁ የወርቅ መልክ ነው።

የቻይና ሳህን ባስራ የደረሰው በባሕር መሆኑን የሚመሰክር መርከብም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢንዶኔዥያ ዓሣ አጥማጆች ቤሊቱንግ በተባለች ደሴት አጠገብ የሰመጠ የጥንት መርከብ አገኙ። ሳንቃዎቹ በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ፣ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰዎች አሠራር የታነጸ ነበር። በሆዱ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ይዟል። ከጎድጓዳ ሳህኖቹ በአንዱ ላይ እ.ኤ.አ. 826 ዓመትን የሚያመለክት ቀን ተጽፏል። ከጭነቱ ውስጥ በነጭ ላይ በሰማያዊ ያጌጡ ሦስት የቻይና ሳህኖችም ነበሩ። በአንድ ባሕር ላይ ነጩ ሸክላ ወደ ምዕራብ፣ የሰማያዊው ጌጥ ስልት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሳይጓዝ አልቀረም።

የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ባስራ ብቻ አይቆሙም። ጭነቱ በኤደንና በዘይላ በኩል ወደ እኛም ይገባ ነበር። ከድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው ሐርላ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲሆን፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ የመጡ ሳንቲሞች፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ሸክላዎች ስብርባሪም ተገኝተዋል። ከሐርላ ብዙም በማይርቀው በሐረር የሐረሪ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ከውጭ የመጣ ሳህን በግድግዳ ላይ ከስፌቱ ጋር ይሰቀላል።

አንዱ ምስክር ግን መቆፈር ሳያስፈልገው በየቀኑ በአፋችን ይመላለስ ኖሯል። አረቦች ቻይናን ሲን ይሏታል፤ የቻይና ዕቃ ሲኒ ነው። በቡና ጊዜ ረከቦት ላይ የሚደረደረው የእኛ ሲኒ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቱርኮች የኢዝኒክን አንጸባራቂ ሸክላ ቺኒ ይሉታል፤ እንግሊዞችም የገበታ ሳህናቸውን በቻይና ስም ይጠሩታል። ፈረንሳዮች ደግሞ ተመሳሳዩን ነጭ ሸክላ ፋየንስ አሉት፤ ፋኤንዛ ከተባለች የጣሊያን ከተማ ስለመጣላቸው። ከባስራ እስከ ፌርፋክስ አንድ ልማድ ይሠራል፤ ዕቃው በአፍ የሚጠራው በመጣበት ስፍራ ነው። ገዢ የሚያየው መርከቡን ነው፤ እቶኑን አያይም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሁለት ዕቃዎች አዲስ ጥያቄ ሆኑብኝ። ሲኒው ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ የንግድ መንገድ በስሙ ውስጥ ይዟል። ጀበናውስ?

ጀበናው መስታወት አልለበሰም፤ ይህ ግን ጥበብ ስላነሰው አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከቦታው መርጣ ትቆፍራለች፣ ትወቅጣለች፣ ታነፋለች። የተሰበረ የድሮ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ያን ጊዜ ዕቃው ከምድጃ ላይ ሲጣድ አይሰነጠቅም። ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ታሳድገዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። ፍም መስሎ ሳለ ገለባ ውስጥ ስትከተው ጭሱ ገብቶ ያጠቁረዋል። የባስራ ባለሙያ በጭስ ወርቅ አወጣ፤ የእኛዋ በጭስ ጥቁረት አወጣች። ሁለቱም እሳቱን አየር ነሥተው ነው የሠሩት።

ቀዳዳውን የመድፈኑንም ጉዳይ የእኛ ቤት በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ማሟሸት ይባላል። አዲስ ምጣድ በጎመንዘር ይታሻል፣ ይግላል፣ እንደገና ይታሻል። ዘይቱ ወደ አፈሩ ሰርጎ ቀዳዳውን ይሞላል፤ እንጀራውም ሳይያዝ ይነሣል። በመስታወት የተለበሰ ሳህን ከእቶን ሲወጣ ሥራው አልቋል። የእኛ ሸክላ ግን የሚጨረሰው በተጠቃሚዋ እጅ ነው፤ ሠሪዋ ትጀምረዋለች፣ የገዛችው ታሟሸዋለች። ለዚህም ነው ብዙ የፌርፋክስ ቤተሰቦች ከአገር ቤት በነጠላ ጠቅልለው ያመጡትን ጀበና የማይለውጡት።

የሠሪዋ ስም ግን ከዕቃው ላይ የለም። ጀበናውን ገልብጬ ቂጡን ሳየው ያገኘሁት የጣት ዱካ ብቻ ነበር። የዛንቶን ሳህን ከገለበጡት ግን ዓመቱ፣ ከተማው፣ የራሱና የትውልድ አገሩ የሮቪጎ ስም ተጽፎበታል። ዛንቶ ሀብታም ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1530 የኡርቢኖ የሸክላ ቤት ባለቤቶች ደመወዝ ይጨመርልን ያሉ ሠራተኞችን ላለመቅጠር ሲስማሙ ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ እሱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን በስሙ መፈረም ያዘ። የጉቢዮ ከተማው ሸክላ ሠሪ ማስትሮ ጆርጆም እንዲሁ ይፈርም ነበር። ከባስራ ባለሙያዎችም መካከል በሳህናቸው መሐል የእገሌ ሥራ ብለው የጻፉ አሉ። ወደቡ ስሙን ለዕቃው ሰጥቶ ሠሪውን ቢያስረሳም፣ የፈረሙት በፊርማቸው ተመልሰው መጥተዋል።

በእኛ ዘንድ የተረሳው ስም ብቻ ሳይሆን ክብርም ጭምር ነው። ሸክላ ሠሪዎች በጎንደር ወለቃም ሆነ በአዲስ አበባ ቀጨኔ ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባሉ ኖረዋል፤ ማዕድ ከልክለናቸው፣ ጋብቻ ከልክለናቸው፣ በእነሱ ድስት ግን ወጣችንን ሠርተን በልተናል። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች አፈር ሲያሹ የኖሩት በዚህ ስድብ ሥር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ የሠሪዋን ስም ከዕቃው ላይ አላስጻፈም።

ይህ ጉዳይ እንዴት እንደሚስተካከል ጎረቤት ሜክሲኮም ሎስ አንጀለስ ራሷም ያሳያሉ። የባስራ ነጭ ልባስ በስፔን በኩል ሜክሲኮ ገብቶ በፑኤብላ ታላቬራ ተብሏል፤ ይህም ታላቬራ ዴ ላ ሬይና ከተባለች የስፔን ከተማ የተወሰደ ስም ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የሁለቱን አገር የሸክላ ሥራ በአንድነት በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ሳህኑን አይደለም፤ የሠሪዎቹን ሙያ ነው። በሎስ አንጀለስ ዳርቻ ማሊቡም እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1932 የሠራ የሸክላ ፋብሪካ ነበር። በስፔን ሙስሊሞች (ሙሮች) ጌጥ አምሳል የሠራቸው የሸክላ ንጣፎች ዛሬም በባሕሩ ዳር በአዳምሰን ቤት ግድግዳና ወለል ላይ ይታያሉ፤ የፋብሪካው ስምና የኃላፊው የሩፈስ ኪለር ስም ተጠብቆ ይነገራል። ስድስት ዓመት ብቻ የሠራ ፋብሪካ ስሙ ሲታወስ የሺህ ዓመት ሙያ ያላት ሴት ስሟ የማይታወቅበት ምክንያት የለም።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሸክላው ገና ርጥብ ሳለ በሹል እንጨት ስምና መንደር መጻፍ ምንም ወጪ አያስከትልም፤ መጻፍ የማትችል ብትሆን የራሷን ምልክት ታኑርበት። እሳቱ ያጸናዋል። በፌርፋክስ የሚነግዱ ሰዎች ጀበናና ድስት ሲያስመጡ ስሙ ያለበትን ይዘዙ፣ ዋጋውንም ለዚያ ስም ከፍ አድርገው ይክፈሉ። እኛ ገዢዎችም ከመግዛታችን በፊት ዕቃውን ገልብጠን «ማን ሠራችው?» ብለን እንጠይቅ። ገዢ ከጠየቀ ነጋዴ ይጠይቃል፤ ነጋዴ ከጠየቀ ሠሪዋ ትጽፋለች። ማዮሊካ በደሴት፣ ፋየንስ በከተማ፣ ሲኒም በአገር ስም የተጠሩት የሠሪዎቻቸውን ስም የጠየቀ ገዢ ስላልነበረ ነው። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ስማቸውን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።